ድንጋይ ልብሱም ውሃ ይጠማዋል

ገና ከመጀመራችን «እኛ» ስንል ግራ እንዳትጋቡ። እኛ ማለት በጋዜጠኝነት ተመርቃ፣ ባለ ጋዋን ፎቶዋን ሳሎን ሰቅላ፣ የሥራ ማስታወቂያ የምታሳድደው ይህቺ ጸሐፊያችሁ እና ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰው ታናሽ ወንድሟ ነን። አንዳንዴ አያታችንም ይጨመራሉ። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ፖለቲካ አይደለም። ስለ ፍቅርም አይደለም። ስለ ኤሊ ነው። «ኤሊ ደግሞ ምኑ ይወራል?» ያላችሁ ካላችሁ፣ እኛም እስካለፈው ታኅሣሥ ድረስ እንደናንተው ነበርን።

ኤሊያችን ፈጠነች ትባላለች። ስሙን ያወጣላት ከሁለታችን ትንሹ ነው። ሴት ትሁን ወንድ ግን እስከዛሬ አላወቅንም፤ ኤሊ ትንሽ ሳለ ጾታው በቀላሉ አይለይም። ከሁለት ዓመት በፊት በአዋሽ መንገድ የሚመላለስ አጎታችን ከመንገድ ዳር ገዝቶ በብስኩት ካርቶን ይዞልን መጣ። ያኔ የሲኒ ማስቀመጫ ታህል ነበር። ጀርባዋ ላይ ያለው ጥቁርና ቢጫ ዝንጉርጉር የነብር ቆዳ ስለሚመስል፣ ፈረንጆቹ በነብር ስም የሚጠሩት ዓይነት ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ስቲግሞኬሊስ ፓርዳሊስ ይባላል። ዝርያዋ ከሱዳንና ከኢትዮጵያ አንስቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ባለው ሳርና ቁጥቋጦ ውስጥ ይኖራል። እኛ ጋ ግን ከሶፋው ጀርባ ነበር የምትኖረው።

ሶፋው ያለው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለፈጠነች ካርቶን አዘጋጀን፣ ጋዜጣ አነጠፍንላት (የተማርነው ሙያ ቢያንስ ለዚህ ጠቀመ)፣ ቲማቲምና ሰላጣ፣ አንዳንዴም ቁራሽ እንጀራ ሰጠናት። በቀዝቃዛው ወቅት ደግሞ እንዳይበርዳት የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን አጠገቧ ለኮስንላት። ውሃ? ውሃማ በልደታ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ለኤሊ ማን ያስባል! ደግሞም ኤሊ ምን ቸገረው? ቤቱን ተሸክሞ ይዞራል። አማርኛችን ራሱ «ድንጋይ ልብሱ» ይለው የለ? ድንጋይ ደግሞ ውሃ አይጠማውም።

እዚህች ላይ ነው የተሳሳትነው።

ሻምበል የሚባል ኤሊ ነበር

ስለ ፈጠነች ለማውራት ስለ ሻምበል ማውራት ግድ ነው። ሻምበል የአያታችን የእማማ ኤሊ ነበር። ይኖር የነበረው በድሮው ልደታ፣ ማለትም በ2002 ዓ.ም. ገደማ ፈርሶ ኮንዶሚኒየምና ሕንፃ በተተከለበት ሰፈር ውስጥ ነው። አምስት አባወራ የሚጋራው ግቢ ነበር። መሀሉ ላይ አንድ ቧንቧ፤ ከቧንቧው ሥር ልብስ የታጠበበት ውሃ የሚወርድበት ቦይ፤ ከቦዩ ዳር ደግሞ የእማማ ኮባ። ሻምበል ቀን ቀን ፀሐይ ይሞቃል፤ ሲበቃው ኮባው ሥር፣ የወደቀው ቅጠል ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ከሁለታችን ትልቋ የልጅነት ሥራዋ እሱን ፈልጎ ማግኘት ነበር።

ሰፈሩ ሲፈርስ ትልቋ ገና ሦስተኛ ክፍል ነበረች፤ ትንሹ ደግሞ ሦስት ዓመቱ። ያኔ እማማ ሻምበልን እያዩ «አንተስ ታድለህ፤ ቤትህን ይዘህ ትሄዳለህ» ያሉት እስከዛሬ በቤታችን ይነሳል። ፎቅ ላይ እንደማይሆንለት ስላወቁ ወደ ሆለታ ግድም ግቢ ላላቸው ዘመድ ሰጡት። እሳቸው ከኛ ጋር ፎቅ ወጡ። ሻምበል እዚያው እያለ እንደሞተ ኋላ ሰማን።

እማማ ኮንዶሚኒየሙን እስከዛሬ «ይሄ ቤት ያደርቃል» ይሉታል። ተረከዛቸው ተሰነጠቀ፣ ከንፈራቸው ተላጠ፣ እንጀራቸው በአንድ ቀን ድርቆሽ ሆነ። እኛ «የእርጅና ነው እማማ» እያልን ቫዝሊን እናቀርባለን።

ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት… ለምን?

ባለፈው ኅዳር አንድ ቀን እማማ ፈጠነችን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጀርባዋን በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩና «ይቺ ልጅ ጀርባዋ ተራራ ሠራ» አሉ።

አየነው። እውነትም የፈጠነች ጀርባ ለጥ ያለ አይደለም። እያንዳንዱ ዝንጉርጉር ቁራጭ መሀሉ ላይ ወደ ላይ ሾጥጦ፣ ከላይ ሲያዩት የጎጆ ቤቶች መንደር ይመስላል። እኛ እንዲህ ሆና የተፈጠረች መስሎን ነበር፤ እንዲያውም ያምርባታል ብለን ፎቶ አንስተን ለጥፈናል። እማማ ግን አልበማቸውን አስወጡና የሻምበልን ፎቶ አሳዩን። ሻምበል ኮባው ፊት ለፊት ቆሟል፤ ጀርባው የተጠረበ ድፎ ዳቦ ይመስል ለስላሳ ነው። ዝርያቸው አንድ፣ ዝንጉርጉራቸው አንድ። ልዩነቱ አንዱ በግቢ ማደጉ፣ ሌላዋ በፎቅ ማደጓ ነው።

ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የሚያስተምሩን ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ጥያቄዎች ነው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ተመልሰዋል። የቀረን «ለምን» ነበርና ንባብ ጀመርን።

ብዙ ኤሊ አሳዳጊ ለረጅም ጊዜ ያምን የነበረው ጀርባ የሚሾጠጠው በምግብ ብዛት፣ በተለይም በፕሮቲን ነው ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን ዊዝነርና ኢበን የተባሉ የቪዬና ተመራማሪዎች ነገሩን ፈተሹት። 50 የአፍሪካ ባለ ሹል ጭን ኤሊ ጫጩቶችን ወሰዱና (የፈጠነች ግዙፍ ዘመዶች መሆናቸው ነው) ለ5 ወር አሳደጓቸው። የፕሮቲኑን መጠን አለያዩ፤ የአየሩን እርጥበትም አለያዩ። ውጤቱ ሲታይ ፕሮቲኑ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነበር። በደረቅ አየር ያደጉት ግን ጀርባቸው ሾጠጠ። እርጥበቱ ከ45 እስከ 99 በመቶ በሚደርስ አየር ያደጉት የተሻለ ለስላሳ ጀርባ አወጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኤሊ ጀርባ ድንጋይ አይደለም። ከሥሩ ያለው አጥንት ነው፤ ያውም ከጎድን አጥንቱና ከአከርካሪው ጋር የተጋጠመ አጥንት። ከላይ የሚሸፍነው ደግሞ የኛ ጥፍር ከተሠራበት ዓይነት ነገር የተሠራ ልባጥ ነው። ኤሊ ሲያድግ በእያንዳንዱ ቁራጭ ጠርዝ ዙሪያ አዲስ ልባጥ ይወጣል፤ በሁለት ቁራጮች መሀል የሚታየው ነጣ ያለ ቀለበት እሱ ነው። አዲሱ ልባጥ ለስላሳ ነው። አየሩ ሲደርቅ ይህ ለስላሳ ጠርዝ ቶሎ ይደርቅና ይኮማተራል፤ እድገቱ ወደ ጎን መዘርጋት ሲያቅተው ወደ ላይ ይሾጥጣል ተብሎ ይታሰባል። በነገራችን ላይ ኤሊ ጀርባው ሲነካ ይሰማዋል። ቤት ነው ያልነው ነገር አካል ኖሯል።

ታዲያ ቤቱ የታለ? የዱር ኤሊ የቀኑን ሐሩርና የሌሊቱን ብርድ የሚያልፈው ሳርና ቁጥቋጦ ሥር እየተወሸቀ፣ አንዳንዴም ሌሎች አውሬዎች ቆፍረው የተዉት ጉድጓድ ውስጥ እየገባ ነው። ሜዳው ደርቆ እንኳ እንዲህ ያለው ስርቻ እርጥበት ይይዛል። ሻምበል የቦዩ ዳር ኮባ ነበረው። ፈጠነች ያላት ጋዜጣና የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው።

ዋሽንግተን ያለችው አክስታችን ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ላከችልን። ካርቶኑ ውስጥ ስናስቀምጣት 28 በመቶ አለች። እንግዲህ አዲስ አበባ በበጋ ደረቅ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ተቀምጣ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ወራት ያለ በቂ ዝናብ ትሰነብታለች። በዚያ ላይ የሞቀ አየር ውሃ የመያዝ አቅሙ ይጨምራል። ስለዚህ ቀዝቃዛውን የሌሊት አየር ውሃ ሳይጨምሩ በማሞቂያ ሲያሞቁት ያው አየር ይበልጥ ደረቅና ጠጪ ይሆናል። ከምድሩ፣ ከግድግዳው፣ ከተረከዝ፣ ከኤሊ ጀርባ ይጠጣል። እኛ ለፈጠነች ያዘንን መስሎን ስናደርቃት ከርመናል።

«ይሄ ቤት ያደርቃል ብዬ ነበር» አሉ እማማ። መልስ አልነበረንም።

የገንቦው ስህተት

በእርጥበት ያልታደለ ቤት ውስጥ እርጥብ ጎጆ መሥራት አለብን ማለት ነው። በመጀመሪያ የመጣልን የእማማ አሮጌ ገንቦ ነበር። አንገቱ የተሰበረ ነው፤ ግማሹን ሰብረን በጎኑ አስተኛነው፣ ከውስጥ አፈር ጨመርን፣ ሸክላውን ከውጭ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣነው። መሣሪያዋ 85 በመቶ አለች። ሸክላ ነው፣ ባህላዊ ነው፣ ፎቶ ላይም ያምራል። እኛም ሥራችንን አድንቀን ተኛን።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ፈጠነች አንገቷን ዘርግታ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች። አፍንጫዋ ላይ አረፋ አለ። ስናነሳት እግሯን እንኳ አልሰበሰበችም።

ታኅሣሥ ነበር። የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ ብርቅ አይደለም። ቁጥሩን ለመሰብሰብ ቸኩለን የመሣሪያዋን ሁለተኛ መስመር አላነበብንም፤ ገንቦው ውስጥ ያለው ሙቀት 14 ዲግሪ ነበር። የገጠር ሰው ውሃ በእንስራ የሚያስቀምጠው ለምን ነበር? እንዲቀዘቅዝለት ነዋ! ሸክላ ያወዛል፤ ያወዛው ውሃ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እኛ ለቆላ ኤሊ የደጋ ማቀዝቀዣ ሠርተንላታል።

በጨርቅ ጠቅልለን፣ በሹራብ ውስጥ ደረታችን ላይ አድርገን ታክሲ ተሳፈርን። ወያላው «ምንድን ነው የያዛችሁት?» ሲል ትንሹ «ሕፃን ናት» አለ። የእንስሳት ሐኪሙ አዳመጣት፣ አፏን አየ፣ ሳንባዋ እንደታመመ ነገረን። «ኤሊ የራሱን ሙቀት አያመርትም። ደረቅ ሙቀት ቀስ እያለ ይጎዳዋል፤ ቀዝቃዛ እርጥበት ግን ቶሎ ይገድለዋል» አለን። መርፌ ጀመረላትና በማንኛውም ሰዓት እንድትሞቅ አዘዘ። ልንወጣ ስንል አንድ ነገር ጠየቀን። «ፈቃድ አላችሁ?» አለ። ወደዚህ ጥያቄ ኋላ እንመለስበታለን፤ ያን ቀን እንደማይሰማ ሆነን ነው የወጣነው።

የምጣዱ እንፋሎት

ቀጣዩ ሳምንት የቤታችን ረጅሙ ሳምንት ነበር። ፈጠነች አትበላም። እማዬ ከቢሮ እየደወለች «ተነፈሰች?» ትላለች። ቅዳሜ ዕለት እማዬ እንጀራ ልትጋግር ኤሌክትሪክ ምጣዱን ስትለኩስ፣ ሙቀት ያለው እዚያ ብቻ ስለነበር ካርቶኑን ወደ ኩሽና አስጠጋነው። መሣሪያዋም ውስጡ ነበረች። ሦስተኛው እንጀራ ላይ፣ ክዳኑ ሲነሳ እንፋሎቱ ጣሪያ ሲነካ፣ ትንሹ ጮኸ። 27 ዲግሪ፣ 81 በመቶ። ሁለቱም ቁጥሮች አንድ ላይ!

እማማ በወንበራቸው ሆነው ሳቁብን። «ሻምበል ክረምቱን የት የሚያድር ነበር የመሰላችሁ? ማድቤት ነዋ! እንጀራ ከጋገርኩ በኋላ ምድጃው ዳር ጆንያ አለብሰዋለሁ። እዚያ ነው የሚተኛው» አሉ።

እኛ ከቪዬና ድረስ ሄደን የፈለግነው መልስ ቤታችን ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ጋዜጠኛ ምንጩን መጀመሪያ ከቤቱ ይጠይቅ የሚል ትምህርት አልተሰጠንም መሰለኝ አንልም፤ ተሰጥቶን ነበር፣ አልሰማንም።

ጎጆው እንዴት ይሠራል?

እነሆ አሁን ያለው የፈጠነች ጎጆ። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ትዕግሥቱ ነው።

አንደኛ፣ ሳጥኑ። መርካቶ የሚሸጠውን ባለ ክዳን የልብስ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ሳጥን ገዛን። ኤሊው ገብቶ በደንብ የሚዞርበት መሆን አለበት። በአንዱ ጎኑ በጋለ ቢላ በር ቀደድንለት፤ ቁመቱ ከጀርባዋ በሁለት ጣት ከፍ ይላል። የተቆረጠውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። በሩ ላይ በቁመቱ የተሸነሸነ ወፍራም ፕላስቲክ እንደ መጋረጃ አንጠለጠልን፤ እሷ ገፍታ ትገባለች፣ እንፋሎቱ ግን ቶሎ አይወጣም። አየር እንዳይታፈን ከክዳኑ አጠገብ ጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች በቂ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ወለሉ። ጋዜጣ ቀረ። መድኃኒት ያልተረጨበት አፈርና የታጠበ አሸዋ ቀላቅለን አንድ ስንዝር ያህል ሞላን፤ ከላዩ የደረቀ የኮባ ቅጠል ጎዘጎዝን። ቁም ነገሩ አጠጣጡ ላይ ነው። ውሃው ከላይ አይረጭም፤ በአራቱ ማዕዘን ቀስ ተደርጎ ይፈስና ወደ ታች ይወርዳል። ታችኛው አፈር እርጥብ፣ ላይኛው ግን ደረቅ ሊባል የሚችል መሆን አለበት። ኤሊ ጭቃ ላይ ከተኛ የሆዱ ልባጥ ይበሰብሳል።

ሦስተኛ፣ ስፖንጁ። ከክዳኑ ውስጥ በናይለን ገመድ አዲስ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አሰርን፤ ውሃ ጠጥቶ ይጨመቅና ሳይንጠባጠብ ይንጠለጠላል። በየሁለት ቀኑ በፈላ ውሃ ይታጠባል። ሻጋታ ከሸተታችሁ ወለሉንም ለውጡት።

አራተኛ፣ ሙቀቱ። እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቀናል። በመጀመሪያ የፈላ ውሃ በሃይላንድ ሞላን፤ ሃይላንዱ ተኮማትሮ ወለሉን አጥለቀለቀው። ቀጥሎ አምፖል አስጠጋን፤ መብራት ሄደ። በመጨረሻ የጸናው የሦስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው። ሙቅ ውሃ ይሞላል፣ ክዳኑ ይጠብቃል፣ በአሮጌ ካልሲና በፎጣ ይጠቀለላል፣ ከሳጥኑ ውጭ ጎኑን አስደግፎ ይቀመጣል። ከዚያ ሳጥኑም ጀሪካኑም አንድ ላይ በእማማ አሮጌ ጋቢ ይሸፈናሉ፤ በሩና ቀዳዳዎቹ ብቻ ይቀራሉ። እማዬ ሌሊት አስር ሰዓት ለጸሎት ስትነሳ ውሃውን ትቀይራለች። መሣሪያዋ ሌሊቱን ሙሉ ከ24 ዲግሪ በላይ፣ ከ75 በመቶ በላይ ስትል ማየት የለመደ ሰው ሌላ መዝናኛ አያምረውም።

አምስተኛ፣ ውጩ። ጎጆው ቤት እንጂ እስር ቤት አይደለም። ኤሊ ወጥቶ የሚደርቅበትና የሚሞቅበት ቦታ ያስፈልገዋል። ፀሐይ ስትወጣ በረንዳ ላይ ጥላ አብጅተን እናወጣታለን። ድሮ በመስኮቱ መስታወት አሻግረን ነበር የምናሞቃት፤ መስታወት ግን ለአጥንቷ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር እንደሚያግድ ኋላ ነው ያወቅነው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ለብ ባለ ውሃ፣ እስከ አገጯ በሚደርስ ዝርግ ሳህን፣ ለ15 ደቂቃ እናስቀምጣታለን። ውሃው በፈረቃ ሲጠፋ ከእማዬ ጀሪካን አንድ ጣሳ «እንበደራለን»። እንጀራና ቲማቲም ቀሩ፤ ሳር፣ የበለስ ቅጠል (እሾሁ ተጠብሶ) እና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ገቡ።

ፈቃድ አላችሁ?

ፈጠነች በአስራ አንደኛው ቀን አንድ የሳር ቅጠል ነከሰች። ቤቱ እልል አለ፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን እትዬ «ማን ተዳረ?» ብለው ወጡ።

ካለፈው ጥር ወዲህ በጀርባዋ ቁራጮች መሀል አዲስ ቀለበት ወጥቷል። ጣት ሲያሳልፉበት ለጥ ያለ ነው። የድሮዎቹ ሹጥጦች ግን አይጠፉም። ሐኪሙ እንደነገረን አንዴ የሾጠጠ ተመልሶ አይተኛም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ትኖራለች። ሃምሳ ዓመት ብትኖር (ዝርያዋ ከዚያም በላይ መኖር ይችላል) ሊያነብ ለሚያውቅ ሰው ሁለቱ ዓመት ከሶፋው ጀርባ ጀርባዋ ላይ ተጽፈዋል።

የሐኪሙን ጥያቄ ግን እያለፍነው መኖር አልቻልንም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትን ከልክሏል። ኢትዮጵያ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ አባል በሆነችበት የሳይተስ ስምምነትም የየብስ ኤሊዎች ዓለም አቀፍ ንግድ ቁጥጥር ይደረግበታል። ፈጠነች ስጦታ መሰለችን እንጂ ከዱር የተወሰደች ናት። አጎታችን ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ልጆቹም ክፉ ሆነው አይደለም። እኛም ደስ ብሎን ነው የተቀበልነው። ግን እያንዳንዱ የብስኩት ካርቶን ለሚቀጥለው ካርቶን ገበያ ይከፍታል።

ስለዚህ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የሚገባ ማመልከቻ ጻፍን። በጋዜጠኝነት ዲግሪ ከተጻፉት ጽሑፎች ሁሉ የከበደን ይሄ ነው። እንስሳዋ ማን እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች፣ ምን እንደደረሰባት ጻፍን፤ ወደሚመጥናት ቦታ እንድትወሰድ ጠየቅን። ከሆለታ አቅራቢያ ከሰው እጅ የተወሰዱ የዱር እንስሳትን የሚቀበለው እንስሳ ኮቴ የሚባል ማዕከል አለ፤ እኛ በልባችን እሱን ተመኘን። ሻምበልም የሄደው ወደዚያው አቅጣጫ ነበር።

ለእማማ ስንነግራቸው ብዙ ዝም አሉ። ለቅሶ ይመጣል ብለን ፈራን። እሳቸው ግን «ጎጆዋን አብራችሁ ስጡ። የሚወስዷት ሰዎች ላያውቁ ይችላሉ» አሉ።

ግንቦት ልደታ ዕለት፣ ፈረቃው ሳይሆን ቀርቶ ውሃ ሳይመጣ፣ ሰማዩ ግን አስተካክሎ ጠቁሮ፣ እማማን ከሦስተኛ ፎቅ ደግፈን አወረድናቸው። ሊፍት የለንም፤ በየፎቁ እያረፍን ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። የብሎኩ ሰው ግቢው ውስጥ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ቄጤማ ጎዝጉዞ፣ ቡና አፍልቶ ነበር። እማማ ቄጤማው ዳር ተቀመጡ፤ ፈጠነችን ከጋቢያቸው ሥር አወጧትና እርጥቡ ሳር ላይ ለቀቋት። ገና ዝናቡ ሊያካፋ ሲል ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ሮጠ። እኛም እማማን ልናነሳ እጃችንን ዘረጋን።

«ቆዩ፤ ትንሽ ይንካኝ» አሉ።

ቆየን። ፈጠነች አንገቷን አስረዝማ ከቄጤማው ላይ ጠብታ ትጠጣ ነበር። መሣሪያዋን ፎቅ ረስተናት ስለወረድን ስንት በመቶ እንደነበር አናውቅም።

ማመልከቻው ገብቷል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። እስከዚያው እናንተም ቤት «ድንጋይ ልብሱ» ካለ ዛሬ ማታ ጀርባውን ዳስሱት። አዲስ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ተዉት፤ እዚያው ሳሩ ሥር ይሻለዋል። አያት ካላችሁም «ይሄ ቤት ያደርቃል» ሲሉ አንድ ጊዜ አድምጧቸው።

ቸር እንሰንብት።